የቴክስታይል ማስተርስና ፒኤችዲ ውጭ አገር፦ ገንዘቡ ያለው ፕሮፌሰሩ ጋ ነው

«ፉሊ ፈንድድ ስኮላርሺፕ አለ ወይ?» በቴሌግራም ዘወትር የምጠየቀው ይኸው ነው። ጠያቂዎቹ ብዙዎቹ ባሕር ዳር ወይም ኮምቦልቻ ቴክስታይል የተማሩ ናቸው። ገሚሱ ሐዋሳ ወይም ቦሌ ለሚ ፓርክ ውስጥ ሠርቷል፤ ገሚሱ ሌክቸረር ነው። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ወደ ገንዘቡ አያደርስም። በእኛ ሙያ ብዙው ገንዘብ «ስኮላርሺፕ» ተብሎ በማስታወቂያ አይወጣም። አንድ ፕሮፌሰር ላብ ውስጥ፣ ለአንድ ፕሮጀክት ተመድቦ የተቀመጠ ነው። ፕሮፌሰሩ የሚሠራለት ሰው ይፈልጋል፤ ግን ቻናል ላይ አይለጥፈውም።

ስለዚህ ከተለመደው ተገላቢጦሽ እንሄዳለን። መጀመሪያ ሰውዬውና ገንዘቡ፣ ቀጥሎ ትምህርት ቤቱ፣ ፎርሙ መጨረሻ ላይ። ጊዜ ያስፈልጋል። በነሐሴ መጨረሻ ለሚጀመር ትምህርት ካለፈው ዓመት ግንቦት ጀምሮ መንቀሳቀስ ነው። ኅዳር ላይ ተነስቶ ታኅሣሥ ላይ ለማስገባት የሞከረ ሰው የሚያገኘውን አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነበርኩ።

1. ሰነዱን ዛሬ ጀምሩ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ኮስት ሼሪንግ አለበት። እሱ ሳያልቅ ዋናው ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕት አይወጣም። እጃችሁ ላይ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ከሆነ አትደንግጡ። ለማመልከት ብዙ ጊዜ ስካን የተደረገ ኮፒ ይበቃል። የተቀበላችሁ ትምህርት ቤት ግን በኋላ ዋናውን፣ በታሸገ ፖስታ ወይም ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክለት ይጠይቃል። ያኔ ሩጫ ከመጀመር ዕዳችሁ ስንት እንደሆነ አሁን አጣሩ። ከደሞዝ ሲቆረጥባችሁ ከነበረ፣ የተቆረጠው ገቢ ስለመደረጉ ማስረጃ ከመሥሪያ ቤታችሁ ተቀበሉ። «ተቆርጧል» እና «ገብቷል» አንድ አይደሉም።

ሁለተኛው ጣጣ ስም ነው። ፈረንጅ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ የለንም። ፓስፖርታችሁ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ የሰፈረውን፣ ብዙውን ጊዜ የአያት ስም ነው፣ በሁሉም ፎርም ላይ እዚያው ቦታ ጻፉት። ለፈተናም፣ ለማመልከቻም፣ ለባንክም አንድ ዓይነት ይሁን። የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፀሐይ የምትባል ልጅ ዲግሪዋ ላይ በ«ቲ» እና «ኤስ» ተጽፋ፣ ፓስፖርቷ ላይ በ«ኤስ» ብቻ ትወጣለች። ለእኛ አንድ ሰው ናት። ለአድሚሽን ቢሮው ሁለት። የእኔም የአባቴ ስም እንዲሁ ሆኖ ሦስት ሳምንት ደብዳቤ አመላልሶኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ፓስፖርቱን መሠረት አድርጋችሁ፣ ከሬጅስትራር «ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው ናቸው» የሚል ማኅተም ያለው ደብዳቤ አስጽፉ።

ሦስተኛው ዘመን አቆጣጠር ነው። ትራንስክሪፕታችሁ የተመረቃችሁበትን «2012» ብሎ፣ የእኛ አቆጣጠር መሆኑን ካልገለጸ፣ አሜሪካ የተቀመጠ ገምጋሚ ከእውነተኛው ስምንት ዓመት ቀድማችሁ እንደተመረቃችሁ ያነባል። ሲቪያችሁ ላይ ደግሞ 2020 አለ። አሁን እናንተ ዋሾ ናችሁ። ፎርም ላይ ሁልጊዜ የፈረንጁን ጻፉ፤ ልዩነቱንም በአንድ መስመር አስረዱ።

እንግሊዝኛን በተመለከተ፣ የአይኤልትስም የቶፍልም ውጤት የሚያገለግለው ሁለት ዓመት ነው። በጣም ቀድሞ መፈተን ብር ማቃጠል ነው። ዲግሪውን በእንግሊዝኛ ስለተማርን አንዳንድ ዩኒቨርሲቲ የሬጅስትራር ደብዳቤ ብቻ ይቀበላል። ለፈተና ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። የዱዎሊንጎ ፈተና ረከስ ይላል፤ ቤት ተቀምጦ የሚወሰድ ነው። መብራትና ኔት የማይከዳበት ቤት ፈልጉ እንጂ።

2. «ቴክስታይል» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ

«በቴክስታይል ኢንጂነሪንግ መማር እፈልጋለሁ» የሚል ሰው ምንም አልተናገረም። እኛ አገር ሙያው በክፍል ይከፈላል፦ ፈትል፣ ሽመና፣ ማቅለሚያና ፊኒሺንግ፣ ጋርመንት። ውጭ ያሉት ላቦች ግን ብዙዎቹ ከዚህ ርቀዋል። በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያለው የዊልሰን ቴክስታይል ኮሌጅ የኖንዎቨን ኢንስቲትዩት አለው። ዳይፐሩን፣ ማስኩን፣ ፊልተሩን አስቡ፤ ያልተሸመነ ጨርቅ ማለት ነው። ጀርመን ድሬስደን ያለው የቴክስታይል ተቋም ለመኪናና ለግንባታ የሚሆን የቃጫ ኮምፖዚት ይሠራል። የስዊድኑ ቡሮስ በስማርት ቴክስታይል ይታወቃል። ፈረንሳይ ሩቤ ውስጥ ኤንሳይት የሚባል የቴክስታይል ኢንጂነሪንግ ትምህርት ቤት አለ። ስለ ሪንግ ፍሬም፣ ስለ ክር መፍተያው ማሽን፣ ብቻ የሚያወራ ማመልከቻ እነዚህ ቤቶች ዘንድ ሰሚ አያገኝም።

ያላችሁን ልምድ ግን አትናቁት። ሐዋሳ ፓርክ የሠራ ሰው ፍሳሽ ውኃን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀም፣ ዜሮ ሊኩዊድ ዲስቻርጅ የሚሉት ሥርዓት ባለበት ግቢ ውሏል። ከመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁት ስንት የማስተርስ ተማሪዎች አሉ። ማቅለሚያ ክፍል የሠራችሁ ውኃ፣ ጨውና ኬሚካል ታውቃላችሁ። ጋርመንት ላይ የነበራችሁ ላይን ባላንሲንግን (ሥራን በመስመሩ ሠራተኞች መካከል ማመጣጠን) እና የሠራተኛ መልቀቅን ታውቃላችሁ። ከዚህ አንድ ጥያቄ አውጡ። «ይህ ለምን እንዲህ ይሆናል?» ብላችሁ ፈረቃው ካለቀ በኋላ የተብሰለሰላችሁበት ነገር ካለ፣ እሱ ነው ርዕሳችሁ።

የአልባሳት ንግድ ወይም ማኔጅመንት የሚስባችሁ እንደ አዮዋ ስቴት ያሉትን እዩ። እዚያ አልባሳትና ሆቴል አንድ ዲፓርትመንት ውስጥ ናቸው። የሆቴል ማኔጅመንት ተመራቂ ጓደኛ ካላችሁ ይህን ጽሑፍ ላኩለት፤ ከዚህ በታች ያለው አብዛኛው ለእሱም ይሠራል።

3. ገንዘቡ የት የት ነው

አሜሪካ። ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ከኪስ ነው፤ ፒኤችዲ ግን ይከፈልበታል። ብዙዎች የማያውቁት ነገር አለ፦ በርካታ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ከቢኤስሲ በቀጥታ ወደ ፒኤችዲ ይቀበላሉ። ክፍያው አሲስታንትሺፕ ይባላል። በሳምንት እስከ 20 ሰዓት ላብ ውስጥ ወይም በማስተማር ትሠራላችሁ። በምላሹ የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል፤ የወር ደሞዝና አብዛኛውን ጊዜ የጤና ኢንሹራንስ ይኖራል። ከሰሜን ካሮላይና ስቴት ሌላ ኮርኔልን፣ የጆርጂያ ዩኒቨርሲቲንና ካንሳስ ስቴትን ተመልከቱ። ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት ስኮላርሺፕም አለ፤ የኤምባሲውን ማስታወቂያ ተከታተሉ። ግን እሱን ብቻ ይዞ መጠበቅ ሎተሪ ቆርጦ ሥራ እንደመልቀቅ ነው።

አውሮፓ። ኢራስመስ ሙንዱስ የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ስኮላርሺፕ ለማስተርስ ከሁሉ ይሻላል ባይ ነኝ። የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል፤ በወር 1,400 ዩሮ እስከ 24 ወር ይሰጣል። በእኛ ሙያ በጌንት ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ዊቲም የሚባል የማስተርስ ፕሮግራም አለ። ቀደም ሲል ኤስኤምዲቴክስ በሚባለው የጋራ ፒኤችዲ የእኛ ልጆች ተምረውበታል። ፕሮግራሞቹ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ። ስለዚህ ከቴሌግራም ፖስት ሳይሆን ከራሱ ከኢራስመስ ሙንዱስ ካታሎግ ላይ የዘንድሮውን አረጋግጡ። ማመልከቻው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ለስዊድን፣ የስዊድን ኢንስቲትዩት ስኮላርሺፕ የሥራ ልምድን በሰዓት ይቆጥራል፤ 3,000 ሰዓት ይጠይቃል። ሁለት ዓመት ፋብሪካ የሠራ ሰው ያሟላል።

ጀርመን ብዙ ቦታ የትምህርት ክፍያ የለም። ባደን-ቩርተምበርግ ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ከሚመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ያስከፍላል፤ የቴክስታይል ትምህርት ያለው ሮይትሊንገን እዚያ ግዛት ነው። ትልቁ እንቅፋት የተዘጋ አካውንት የሚሉት ነው። ለቪዛ 11,904 ዩሮ አስቀምጣችሁ ማሳየት አለባችሁ። በብር ስታሰሉት ይዞራችኋል። ስለዚህ ጀርመን የሚያዋጣው ዳድ የሚባለውን የጀርመን ስኮላርሺፕ ካገኛችሁ ወይም ተቋሙ በፒኤችዲ ሠራተኛ አድርጎ ከቀጠራችሁ ነው።

ቻይና። ንቀን የምናልፋት፣ በሙያችን ግን የትም የማትታለፍ አገር። ሻንጋይ ያለው ዶንግኋ ዩኒቨርሲቲ ድሮ ስሙ ራሱ የቻይና ቴክስታይል ዩኒቨርሲቲ ነበር። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕ ሙሉ ነው፦ ዶርም፣ ኢንሹራንስ፣ ለማስተርስ በወር 3,000 ዩዋን፣ ለፒኤችዲ 3,500። በኤምባሲ በኩልም በዩኒቨርሲቲው በኩልም ይኬዳል። በዩኒቨርሲቲው በኩል የምትሄዱ ከሆነ ከፕሮፌሰር የተፈረመ የመቀበያ ደብዳቤ መያዝ ሚዛኑን ያደፋል። ሕንድ ውስጥ አይአይቲ ዴልሂ ጠንካራ የቴክስታይል ዲፓርትመንት አለው፤ የሕንድ መንግሥትም ለአፍሪካውያን ስኮላርሺፕ ይሰጣል።

4. ኢሜይሉ

ሌላውን ሁሉ አሳጥራችሁ እዚህ ላይ ጊዜ አጥፉ።

መጀመሪያ ማን ገንዘብ እንዳለው እወቁ። የፕሮፌሰሩን የቅርብ ጽሑፎች በጉግል ስኮላር አውጡና የመጨረሻውን ገጽ አንብቡ። ምስጋና በሚለው ክፍል ውስጥ ምርምሩን ማን እንደደገፈ ተጽፏል። በአሜሪካ የብሔራዊ ሳይንስ ፋውንዴሽን የሰጠው ገንዘብ ሁሉ በድረ ገጹ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ስሙን አስገቡ፦ የፕሮጀክቱ ርዕስ፣ መጠኑ፣ የሚጀምርበትና የሚያልቅበት ቀን ይወጣል። የአውሮፓ ኅብረት ፕሮጀክቶች ደግሞ ኮርዲስ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ አሉ። ፕሮጀክቱ ከስድስት ወር በኋላ የሚያልቅ ከሆነ ሰውዬው ተማሪ ለመቀበል እጁ አጥሯል። ዘንድሮ ጀምሮ አራት ዓመት የሚቆይ ከሆነ፣ ሰው እየፈለገ ነው።

አሁን ጻፉ። ብዙዎቻችን የምንልከው እንዲህ ያለ ነው፦ «ዲር ሰር፣ አይ አም ሃርድ ወርኪንግ ኤንድ ሃይሊ ሞቲቬትድ ስቱደንት ፍሮም ኢትዮጵያ። ፕሊስ ጊቭ ሚ ስኮላርሺፕ።» ይህን ፕሮፌሰሩ በቀን አምስት ያገኛል። ሴት ከሆነች ደግሞ «ሰር» የሚለው ላይ ያበቃል።

ሐሳቡ እንዲህ ያለ ይሁን፤ በእንግሊዝኛ እናንተ ጻፉት፦

«በአንድ የጥጥ ጨርቅ ፋብሪካ ማቅለሚያ ክፍል ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። በበጋ ወራት የጉድጓድ ውኃችን ካልሲየም ሲጨምር፣ ያንኑ ሬሲፒ ይዘን ከባች ባች ቀለሙ ይለያይብን ነበር። ውኃውን የሚያለሰልስ ኬሚካል መጠን እየቀያየርን ሞክረን፣ ድጋሚ የሚቀለመውን ቀነስን። ምክንያቱን ግን በቅጡ አልተረዳነውም። በቅርቡ ያሳተሙትን የሪአክቲቭ ቀለም ጽሑፍ ሳነብ ሙከራው ሁሉ በተጣራ ውኃ እንደተሠራ አየሁ። ውኃው ጠንካራ ቢሆን ውጤቱ ምን ይሆን ነበር? ለመጪው ዓመት የፒኤችዲ ተማሪ የሚቀበሉ ከሆነ ለማመልከት አስባለሁ። ሲቪና ትራንስክሪፕት አያይዣለሁ።»

ልብ በሉ፤ «ጎበዝ ነኝ» የሚል ቃል የለም። ጉብዝናው ከጥያቄው ይታያል። ጽሑፉን ማንበባችሁም ይታያል። ሳታነቡ እንዳነበባችሁ ማስመሰል አይሆንም፤ ኦንላይን ቃለ መጠይቅ ላይ ያፋጥጧችኋል።

የምትልኩበት ወቅት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። ለእያንዳንዱ ለብቻው ጻፉ። የአንድ ዲፓርትመንት ሰባት ፕሮፌሰሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ሲደርሳቸው ቡና ላይ ይነጋገራሉ። ካልመለሰ ከአሥር ቀን በኋላ አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ ተዉት። ሃያ ልካችሁ ሦስት ከመለሱ ጥሩ ነው። «አመልክት፣ ስምህን ለኮሚቴው እነግራለሁ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል።

5. መግለጫውና ደብዳቤዎቹ

የዓላማ መግለጫ የሚሉት፣ ያንኑ ኢሜይል ሁለት ገጽ አድርጎ መጻፍ ነው። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለጨርቅ ፍቅር ነበረኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። እናታችሁ ጥጥ ስትፈትል ያያችሁት እውነት ከሆነና ከጥያቄያችሁ ጋር ከተያያዘ አስገቡት። ለማጣፈጫ ከሆነ ይቅር።

የድጋፍ ደብዳቤ በአብዛኛው ሦስት ነው። ሁለት መምህር፣ አንድ የፋብሪካ አለቃ ጥሩ ድብልቅ ነው። እዚህ ላይ እኛን የሚጥለን ጂሜይል ነው። የብዙ ትምህርት ቤት ሲስተም የግል ኢሜይል ያለውን ደጋፊ በጥርጣሬ ያያል። መምህራችሁን የዩኒቨርሲቲውን አድራሻ እንዲጠቀም አስቀድማችሁ ለምኑት። ምን እንደሠራችሁለት፣ ስንት እንዳገኛችሁ፣ የት እንደምታመለክቱና እስከ መቼ እንደሆነ በአንድ ገጽ ስጡት። አካባቢው ኔት የሚቋረጥበት ከሆነ የምትነግሩት ቀን ከእውነተኛው ሁለት ሳምንት ይቅደም። «አንተ ጽፈህ አምጣ፣ እኔ እፈርማለሁ» የሚል አይጠፋም። ሦስቱም ደብዳቤ በአንድ እጅ እንደተጻፈ ደግሞ ያስታውቃል። እባካችሁ ሁለት አንቀጽ እንኳ ራሱ እንዲጽፍ ጨቅጭቁት።

ሌክቸረር የሆናችሁ፣ ስተዲ ሊቩ ምን እንደሚያስገድዳችሁ ውሉን አንብቡ። ዋስ የሚሆናችሁ ሰው ምን ላይ እንደሚፈርም ይወቅ።

6. ክፍያ

የአሜሪካ ማመልከቻ እያንዳንዱ ከ50 እስከ 100 ዶላር ገደማ ነው። አምስት ቦታ ካመለከታችሁ የወር ደሞዝ ሄደ። ከመክፈል በፊት ክፍያው እንዲነሣላችሁ ለግራጅዌት ስኩሉ ጻፉ። እሺ የሚሉ አሉ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። የባንክ ካርዳችሁ በውጭ ምንዛሪ የማይከፍል ከሆነ ዋሺንግተን ወይም ዱባይ ያለች አክስት ትረዳለች። ግን የመጨረሻው ቀን ሌሊት አትደውሉላት። ጂአርኢ የሚባለውን የመግቢያ ፈተና ብዙ የቴክስታይል ፕሮግራሞች ትተውታል። የእናንተው ይጠይቅ እንደሆነ ሳታዩ አትክፈሉ።

7. የመቀበያ ደብዳቤውን በካልኩሌተር አንብቡት

መጣ እንበል። እልል ከማለታችሁ በፊት አራት ነገር ፈልጉ።

ደሞዙ ለስንት ወር ነው? «20,000 ዶላር በዓመት» እና «20,000 ዶላር ለ9 ወር» አንድ አይደሉም። የዘጠኝ ወሩ ከሆነ ክረምቱን ማን ይከፍላል? ፕሮፌሰሩን በጽሑፍ ጠይቁት። የትምህርት ክፍያ «ሙሉ በሙሉ» ነው ወይስ በከፊል? ዋስትናው ስንት ዓመት ነው? አራተኛው፣ ሁሉንም የሚያሞኘው፣ ፊ የሚሉት ነው። ትዩሽኑ ተሸፍኖ እንኳ ለጂም፣ ለአውቶቡስ፣ ለቤተ መጻሕፍት እየተባለ በየሴሚስተሩ የሚከፈል አለ። ብዙ ቦታ አሲስታንትሺፕ እሱን አይሸፍንም። ከደሞዙ ላይ ታክስም ይቆረጣል። ይህን ሁሉ ቀንሳችሁ፣ የከተማውን የአንድ ክፍል ኪራይ ቀንሳችሁ የተረፈውን እዩ። ትልቅ ከተማ ካለ 30,000 ትንሽ ከተማ ያለ 24,000 ሊሻል ይችላል።

ሁለት ቦታ ከተቀበሏችሁ አትቻኮሉ። ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች በፈረሙት ስምምነት መሠረት፣ ገንዘብ ያለው ቅበላ ያገኘ ተማሪ እስከ ኤፕሪል 15፣ ማለትም እስከ ሚያዝያ 7፣ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም። «በሦስት ቀን ወስን» ካሏችሁ ይህን በትሕትና ጠቅሳችሁ ጊዜ ጠይቁ። ገንዘብ የሌለው ቅበላ ከመጣ ደግሞ ወዲያው «አይ» አትበሉ። ለዲፓርትመንቱ የግራጅዌት ፕሮግራም ኃላፊ ጻፉ። ሌላ ተማሪ ሲለቅ የተለቀቀው ገንዘብ ሚያዝያ ላይ ሰው ይፈልጋል።

8. ቪዛና የመጀመሪያው ወር

የአሜሪካው ትምህርት ቤት አይ-20 የሚባለውን ለተማሪ ቪዛ የሚያስፈልግ ሰነድ ይልካል። የገንዘቡ ምንጭ እዚያ ላይ ይጻፋል። ከዚያ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350 ዶላር ክፍያ፣ ዲኤስ-160 የሚባለው የቪዛ ማመልከቻ ፎርም፣ የቪዛ ክፍያና ቀጠሮ ይከተላል። ክፍያዎቹ ስለሚቀያየሩ በዕለቱ ከኤምባሲው ገጽ እዩ። ቀጠሮ ቶሎ ያዙ። ኢንተርቪው ላይ የሚጠየቀው ምን ልትማሩ እንደሆነ፣ ለምን እዚያ እንደሆነ፣ ማን እንደሚከፍልና ከዚያ በኋላ ምን እንደምትሠሩ ነው። የማቅለሚያውን ውኃ ታሪክ በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የምትችሉ ከሆነ ተዘጋጅታችኋል። የሸመደዳችሁት ግን ያስታውቃል።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ደሞዝ አለኝ ብላችሁ ባዶ ኪስ አትሂዱ። የመጀመሪያው ክፍያ እስኪገባ ከወር በላይ ይቆያል። አከራይ የመጀመሪያ ወርና መያዣ ይጠይቃል፤ ፍራሽ አለ፤ ፊው አለ። እኔ 400 ዶላር ይዤ ሄጄ ሦስት ሳምንት ከማላውቀው የአገሬ ልጅ ሶፋ ላይ አድሬያለሁ። ቢያንስ 2,000 ያዙ። ካልሞላ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ለዓለም አቀፍ ተማሪዎች ቢሮ ጻፉና የአጭር ጊዜ ብድር እንዳላቸው ጠይቁ። በየዩኒቨርሲቲው ካለው የኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ግሩፕ ውስጥም ግቡ። በርበሬና ሽሮ ግን ከቤት ነው የሚያዘው።